አፉን ከፍቶ የቀረው ጉማሬ

ሰሞኑን መብራት ጠፋ። አሶሳ ላይ ሆኖ መብራት ጠፋ ብሎ መጻፍ ዶሮ ጮኸ ብሎ እንደ መጻፍ ነውና አንባቢ ይቅርታ ያድርግልኝ። ያሁኑ ግን ክፉ ሰዓት ላይ ጠፋ። ትንሿ ልጄ ዘሃራ እንደ ልማዷ ከበሩ ሥር ባለችው ያያቷ ጆንያ ላይ ተቀምጣ የካርቱን ፊልም ታያለች። አንዲት ጥንቸልና አንድ ቡችላ ተጣልተዋል፤ ጥንቸሏ ጓዟን ጠቅልላ የቤቱን በር ስትከፍት ድርግም! ልጄ ወደ ጥቁሩ መስታወት ትንሽ ካፈጠጠች በኋላ ወደኔ ዞረች።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

ይቺ «ከዚያስ» የምትባል ቃል እኔን አንድ ጊዜ እንጀራ አብልታኛለች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አገር ልታስለቅቀኝ ነበር።

ነገሩ ክልሉ ክልል በሆነበት ሰሞን ነው። ከተማው በአዲስ ሰሌዳ ተጥለቀለቀ። ቀለሙ ያልደረቀ ቢሮ በየቦታው፤ ፍየሎቹ ራሳቸው ሰሌዳ ሳይንጠለጠልባቸው ያመለጡት ለጥቂት ነው። እኛ የአምባ፣ የሰፈራ መንደር፣ ሰዎች ነን። በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተጭነው መጥተው እዚህ ቀይ አፈር ላይ ከሰፈሩት ወገን፤ ስንመጣ እኔ የወተት ጥርሴ ገና እየተነቀለ ነበር። ጥርሴ እዚህ በቀለ፤ ማንጎውም ከጥርሴ ጋር እዚህ በቀለ። ስለዚህ አገሬ የት ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሰሌዳው ሲበዛ ግን ትልልቆቹ ሰዎች መጠየቅ ጀመሩ። በአምባችን በሬውን የሸጠ፣ የቤቱን ቆርቆሮ የነቀለ፣ ወደ ወሎ የሚመለስ መኪና የሚያጠያይቅ በረከተ። አባቴ እንድሪስ በሬውን አልሸጠም። አንድ ቀን ግን ከእርሻ ስመለስ ምርጥ የማሽላ ዘሩን፣ ማረሻውንና የሰላት ምንጣፉን በጆንያ ከቶ፣ አፉን በልጥ ጠፍሮ ከበሩ ሥር አቁሞት አገኘሁ። ወዴት ነው አላልኩም። በኛ ቤት የተቋጠረ ጆንያ ራሱ ይናገራል።

እኔ ያኔ ባለ ሥልጣን ነበርኩ፤ የእታለም ጥሩነሽ ቪዲዮ ቤት አስተርጓሚ። ቪዲዮ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። ግድግዳው ቀርከሃ በጭቃ፣ ጣሪያው ሣር፣ ወንበሩ የተጋደመ ግንድ። ጓሮ ያለው ጄኔሬተር ሲነሳ ግን ድምፁ ሱዳን ድረስ ይሰማ ነበር፤ ካርቱም ያሉ ሰዎች «አሶሳ ፊልም ተጀመረ» ይሉ ነበር ቢባል አላፍርም። ቅዳሜ ቅዳሜ በገበያ ቀን ቤቱ በልጅ ይሞላል። የልጆች ካሴት የነበረን ግን አንድ ብቻ ነው። ከሱዳን ድንበር፣ በኩርሙክ በኩል በነጋዴ የመጣ፣ ንግግሩ ዐረብኛ የሆነ የካርቱን ፊልም።

እኔ ደግሞ ከዐረብኛ የማውቀው ሰላምታና ጸሎት ብቻ ነው። የሚተረጉምልኝ አልፋድል ነበር። አልፋድል የአገሬው የበርታ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ ዐረብኛውን ከቁርኣን ቤትና ከነጋዴ አጎቶቹ የለቀመ፣ ቀጭን እንደ ሸመል፣ ዝምተኛ እንደ ድንጋይ። አሠራራችን እንዲህ ነበር፤ እሱ ሰምቶ በጆሮዬ ሹክ ይለኛል፣ እኔ በአማርኛ እየጮህኩ ለቀኙ ወገን እናገራለሁ፣ እሱ ደግሞ ቀስ ብሎ በበርትኛ ለግራው ወገን። ሹክ የሚለኝ ሦስት ቃል ነው፤ እኔ የማወጣው ሠላሳ። እሱ «ጉማሬዋ አለቀሰች» ካለኝ፣ እኔ «በእንባዋ ወንዙ ሞልቶ ድልድይ ወሰደ» እላለሁ። አልፋድል ቀና ብሎ ያየኝና «ድልድይ የለም እኮ» ይለኛል። ጓደኝነታችን ባጭሩ ይኸው ነበር።

ፊልሙ ስለ አንድ ትንሽ ጃርትና ስለ አንድ የጉማሬ ግልገል ነው። የጃርቱ አገር ይደርቅና ውሃ ፍለጋ ሲንከራተት ከጉማሬዎቹ ወንዝ ይደርሳል። ግልገሉ ያገኘዋል፣ ይላመዳሉ፣ አብረው ያድጋሉ። ችግሩ ማደጉ ላይ ነው። ጃርቱ ባደገ ቁጥር እሾሁም ያድጋል። መጀመሪያ ጎን ለጎን የሚተኙት ልጆች፣ ቆይቶ ትንሽ ራቅ ብለው፣ ኋላ ደግሞ በድንጋይ ማዶና ማዶ ይተኛሉ። በመጨረሻ ጉማሬው መላ ያገኛል። ጓደኛው ጋ ሲሄድ ጭቃ ውስጥ ይንከባለላል፤ እሾሁ ጭቃው ላይ ይቀራል፣ ቆዳው ይተርፋል። እዚህ ላይ ልጁ ሁሉ ያጨበጭብ ነበር። ከዚያ ወንዙ ራሱ መጉደል ይጀምራል። የጉማሬ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ጃርቱ ይቆይ ወይስ ይሂድ? አንዱ ጥርሰ ወላቃ ሽማግሌ ይነሳል፣ ያን የዋሻ ያህል አፍ ይከፍታል፣ ድንገት ምስሉ ጭው ብሎ ነጭ ዝንብ ይሆናል። ማጫወቻው ዴክ ክሩን በልቶታል። ከዚያ ወዲያ ካሴት የለም።

ልጆቹ «ከዚያስ?» ይላሉ። እንጀራችን እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። እኔ ለቀኙ ወገን ሽማግሌው ይቆይ አለ ብዬ አወራለሁ። በየሳምንቱም እጨምርበታለሁ። አንድ ቅዳሜ ጃርቱ የወንዙ ዘበኛ ሆነ፣ ሌላ ቅዳሜ የጉማሬዎቹ አማካሪ፣ ማንጎ በደረሰ ጊዜ ደግሞ የጉማሬ ልጅ አግብቶ ወለደ። የልጆቹን መልክ አትጠይቁኝ። አልፋድል በበርትኛ ምን እንደሚል ግን አላውቅም ነበር። የኔ በርትኛ ያኔ ከውሃ፣ ከማንጎ፣ ከተቀመጥና ከነገ አያልፍም።

ነገሩ የፈነዳው ገበያ መሀል ነው። ካምባችን አንድ ልጅና ከበርታ ሰፈር አንድ ልጅ ስለ ጃርቱ ተጣሉ፤ «ቆየ»፣ «ሄደ»፣ «ቆየ»፣ «ሄደ»፣ ከዚያ ቡጢ። አባቶች ሊገላግሉ ገቡ፤ ገላጋይ ሲበዛ ጠብ ይሰፋል። ወሬው ከሽንኩርት ተራ ተነስቶ እህል ተራ እስኪደርስ ጃርቱ የመሬት ካርታ አውጥቷል ተባለ። ፍየል ተራ ሲደርስ ደግሞ መንግሥት ጃርቶችን በሙሉ በመኪና ሊያስወጣ ነው ሆነ። በዚያ ሰሞን እንኳን ጃርት ጥንዚዛ ቢያነጥስ ሰው ትርጉም ይፈልግለት ነበር።

አልፋድልን ከማንጎው ሥር አገኘሁትና ለምን ሄደ ብለህ ነገርካቸው ብዬ አፋጠጥኩት። ቀዩን የከርከዴ መጠጥ በላስቲክ ይዟል፤ ጠጥቶ ሲጨርስ መለሰልኝ።

«የአንተ ሰዎች ሂድ ሲባል ይፈራሉ። የኔ ሰዎች እዚህ ቀረ ሲባል ይፈራሉ። ለሁሉም እንቅልፍ የሚሰጠውን ነገርናቸው። አንተም እኔም።»

ሄደ ሲል እንኳ ጉማሬው እስከ ድንበር ሸኘው ብሎ ነበር የሚጨርሰው። እኔ በዚያን ሰዓት ሽኝቱ አልታየኝም። የታየኝ ከበራችን ሥር ያለው ጆንያ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹ ውጭ ቀሩ፤ የጃርቱን ወሬ ሊያጣራ ግንዱ ላይ ሽማግሌ ተደረደረበት። አባቴ ቪዲዮ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ነጠላውን አጣፍቶ መጣ። ጠዋት እናቴ «በተረት ነው እንዴ አገር የሚለቀቀው፣ አንተየ?» ብትለው፣ «ሰው ፊትህ ቆሞ ውጣልኝ አይልህም፤ በጃርት ካሳበበ ግን ስማ» ብሏት ነበር። የሚጠብቀው መኪና ማክሰኞ ይነሳል። በግራ በኩል የአልፋድል አጎት ሼኽ ሐሚድ ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። መሀሉ ባዶ። እታለም ጥሩነሽ እንግዳ በበዛ ቁጥር ሻይዋን በማቅጠን ትታወቃለች፤ ያን ቀን ግን ስኳሩን አበዛችው።

ፊልሙ አለቀ። ሽማግሌው ጉማሬ አፉን ከፈተ። ጭው። ማንም «ከዚያስ» አላለም፤ ግን ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ አረፈ። ቆየ ብል የበርታ ሽማግሌዎች ሊነሱ ነው፤ ሄደ ብል አባቴ ማክሰኞ ሊነሳ ነው።

አልፋድል ክንዴን ያዘኝና «ይመር፣ ዛሬ እንቀያየር» አለኝ። «እኔ በአማርኛ፣ አንተ በበርትኛ።» መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ቀኙ ወገን፣ ወደኛ ሰዎች ዞረ።

«ካሴት እዚህ አለቀ» አለ። «ዴክ በላው። ሽማግሌው ምን እንዳለ እኔ አላውቅም፣ ይመርም አያውቅም። እሱ ለናንተ ቆየ አለ፤ እኔ ለኛ ሄደ አልኩ። ሁለታችንም ጉማሬ አይደለንም።»

ተራው የኔ ሆነ። ባለኝ በርትኛ መዋሸት አይቻልም፤ ለውሸት ብዙ ቃል ያስፈልጋል። ውሃ አልኩ። ተቀመጠ አልኩ። ነገ አልኩ። ከዚያ ቃል አለቀብኝና ባዶ እጄን ዘረጋሁ። ከግራ በኩል አንድ ሽማግሌ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ወደ ጎን ተጋባ፤ ምን እንዳልኩ አልፋድል እስከ ዛሬ ሊነግረኝ እምቢ ብሎኛል። ሼኽ ሐሚድ ግን አልሳቁም። ሳቁ ሲበርድ በአልፋድል በኩል አንድ ነገር ጠየቁ። ሁሉ ሰው የትልቁን አፍ ይጠብቃል፤ ያ ጭቃ የሚቀባው ትንሹስ በዚያን ሰዓት የት ነበር?

ያን ፊልም የጸሎት ያህል ሸምድደነዋል፤ ይህን ግን አይተነው አናውቅም። ካሴቱን መለስነው። ሽማግሌ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ወደ ስክሪኑ ቀረበ፤ አባቴና ሼኽ ሐሚድ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። ያ አፍ ሲከፈት፣ ከምስሉ ጥግ፣ ትንሹ ጉማሬ ጀርባውን ሰጥቶ ይራመዳል። አንዱ ወደ ጭቃው ነው አለ፤ ሌላው ኧረ ትቶት መሄዱ ነው አለ። እንደገና መለስነው። እንደገና ሊከራከሩ ሲሉ ጄኔሬተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ፤ ናፍጣ አልቋል። እታለም ጥሩነሽ አልሐምዱሊላህ አለች፤ ክርስቲያን ናት።

አባቴና ሼኽ ሐሚድ ተከታትለው ወጡና ማንጎው ሥር ቆሙ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። በበርታ ሽማግሌ አማርኛና በወሎ ገበሬ በርትኛ ብዙ አይወራም። ማክሰኞ መኪናው ተነሳ፤ ካምባችን ስንት ጎረቤት ጭኖ፣ እናቴ መንገድ ዳር ቆማ እያለቀሰች፣ ቀይ አቧራው ማንጎው ላይ እስኪያርፍ አየነው። አባቴ አልተሳፈረም። ጆንያውንም አልፈታም። ለምን ሲባል «ገና ነው» ይል ነበር። እስኪሞት ገና ነበር።

ከዚያ ወዲያ እሾሁ አደገ፤ ሌላ ምን እላለሁ። ክልሉ የተማረ የአገር ልጅ ይፈልግ ነበርና አልፋድል ለሥልጠና ተላከ፤ ከረባት አስሮ ተመለሰ። እኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ሆንኩ። አንዳንድ ዓመት ሰላምታችን ከመንገድ ማዶና ማዶ ሆነ። ከኛ ወገን «ያ ያንተ ባለ ሥልጣን» ይሉኛል፤ ከእሱ ወገን ምን እንደሚሉት እሱ ያውቃል። ያለፉት ክፉ ዓመታት ሲመጡ ደግሞ ከዲባጤ በኩል የሚመጣው የግድያ ወሬ ሰውን ሁሉ ወደየቤቱ አስገባው። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን፣ ሰፈር ከሰፈር ሰው በማይሻገርበት በጠራራ ፀሐይ፣ አልፋድል ከተማውን በእግሩ አቋርጦ መጣ። ወደ ውስጥ ግባ ብዬ ብለምነው እምቢ አለ። ከደጃፌ፣ ሁሉ ሰው በሚያይበት፣ ተቀምጦ ማንጎ ላጠ፤ ጭማቂው በክርኑ እየወረደ በላ፤ እጁን ታጠበና ሄደ። ጭቃውን ተቀብቶ መምጣቱ እንደሆነ የገባኝ ከሄደ በኋላ ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል።

ይህን ሁሉ ለዘሃራ ነገርኳት፤ በርግጥ በኔ አነጋገር ጄኔሬተሩ ትንሽ ገዝፏል። መብራቱ አልመጣም። እሷ ጥንቸሏን ረስታ ጃርቱን ያዘች።

«ቆየ ወይስ ሄደ?»

«ቆየ» አልኳት፤ አፌ ለምዶታል።

ዘሃራ ከተቀመጠችበት ወረደች። ጆንያውን ዞራ አየችው፤ አያቷ ያሰረውን ልጥ በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ከቆየ ይሄ ለምን አልተፈታም?»

እኔ ስንት ፊልም ጨርሻለሁ፤ ጃርት ከጉማሬ አጋብቻለሁ። ልጡን በአንድ ቢላ መበጠስ እችል ነበር፤ ቢላውም ከወጥ ቤት ሩቅ አይደለም። ግን የሰሞኑን ወሬ እኔም እሰማለሁ፤ ባለፈው ክረምት ዝናብ እንዳያርሰው ብዬ ጆንያውን ድንጋይ ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ አልፋድል ሲመጣ እሱን ጠይቂው አልኳት። እሺ ብላ ተመልሳ ተቀመጠችበት፤ መብራቱን መጠበቅ ጀመርን።