ግማሿ የእኛ የነበረች ጫጩት

ልጅ እያለሁ አንዲት እግረ ጠማማ ጫጩት ነበረችን ብዬ ወግ ስጀምር፣ ታላቅ እኅቴ «ግማሿ ነበረችን በል» ብላ ታርመኛለች። ትክክል ናት። ከዚያ ዘመን ከማስታውሰው ነገር ብዙውን አላምነውም፤ የጫጩቷን ላባ እንኳ እኔ ቀይ ነው ስል እሷ ገብስማ ነው ትላለች። ግማሿ የእኛ ስለመሆኗ ግን አንከራከርም።

አባታችን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ወደ ሰቆጣ ተዛውረው ስንመጣ ከአንሶላና ከድስት በቀር ይህ ነው የሚባል ንብረት አልነበረንም። ጎረቤታችን እትዬ ብርነሽ፣ የአገሩ ተወላጅና ከእናቴ በዕድሜ የሚበልጡ ሴት፣ ለመታቀፍ የደረሰች ዶሯቸውን አምጥተው ሰጡን። ውሉ በአገሬው ልማድ ነበር፦ ዶሮዋ የእሳቸው፣ ጥሬውና ጥበቃው የእኛ፣ የሚፈለፈለው ደግሞ ላባ ሲያወጣ እኩል ለእኩል። ሲካፈሉ ቀድሞ የሚመርጠው የዶሮዋ ባለቤት ነው።

ጫጩቶቹ የወጡ ዕለት ጓዳችን የሞቀ ጭድና የእርጥብ ላባ ሽታ ይዞ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ወይም አስታውሳለሁ ብዬ አምናለሁ። መጨረሻ ላይ የወጣችው ጫጩት መቆም አቃታት። ቀኝ እግሯ ወደ ጎን ተከፍቷል፤ ጣቶቿ እንደ ሕፃን ጡጫ ተጨብጠዋል። ዶሮዋ ልጆቿን እየጠራች ስትሄድ እሷ በደረቷ እየተሳበች ትቀራለች፤ ስትደርስም እናቷ በምንቃሯ ትወጋታለች።

እናቴ ጨካኝ አልነበረችም። ግን እንዲህ ያለች ጫጩት ጥሬ ፈጅታ ለዶሮነት እንደማትደርስ ማንም ያውቃል። ከደጅ ልትጥላት አንሥታ ነበር፤ ከደጃፉ ስትደርስ ቆመች።

«የሰው ነገር ናት» አለች። «እትዬ ብርነሽ ሳያዩዋት ብጥላት፣ ነገ ‘ደህናይቱን ሸሽጋ ነው’ ያሰኛል።»

እትዬ ብርነሽ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃቸው ልትወልድ ስለደረሰች ሊያርሷት ወደ አበርገሌ ቆላ ወርደዋል። «ይምጡና ይፍረዱ» ብላ እናቴ ጫጩቷን መልሳ አስቀመጠቻት። ወንድ ተወልዶ ቢሆን በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሥቶ ይመለሱ ነበር። የተወለደችው ግን ሴት ሆነች፤ ሰማንያ ቀን ይጠበቅላታል። ያቺ በዓይናችን ያላየናት ሕፃን ለእኛዋ ጫጩት ዕድሜ ጨመረችላት።

እኅቴ ከእናቴ ልቃቂት ፈትል በጠሰችና ሁለቱን እግሮች ላላ አድርጋ አገናኝታ አሰረቻቸው፤ የታጠፉትን ጣቶችም ዘርግታ በቀጭን ሰንበሌጥ ደገፈቻቸው። የእኔ ሥራ ማብላትና ብርድ እንዳይመታት በእቅፌ መያዝ ነበር። የማሽላ ሽርክት በውኃ አርሼ ከመዳፌ ስትለቅም፣ የምንቃሯ ውጋት እስካሁን የሚሰማኝ ይመስለኛል። ጉልቤ የሚባል የሰፈራችን ልጅ በአጥር ላይ አንገቱን እያሰገገ «ሽባዋ እንዴት አደረች? ቆመች ወይስ አንተው ተሸክመሃት ልትኖር ነው?» ይለኛል። «ሽባ አይደለችም! እግሯ ምንም አልሆነም!» እያልኩ ድንጋይ አነሣበታለሁ። የእኔ ፍርሃት ከእናቴ የተለየ ነበር፤ እትዬ ብርነሽ ሲመጡ «ጣሏት» እንዳይሉ እግሯ ደህና ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ ስናገር ከረምኩ።

ፈትሉ ሲፈታ ጫጩቷ ቆመች። አረማመዷ እንደ ሰካራም ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ ቢሆንም ትሮጣለች። ከእናቷ ይልቅ የእኛን ድምፅ ስትሰማ ነው የምትመጣው።

እትዬ ብርነሽ የተመለሱ ዕለት ላባ ያወጡት ሁሉ ጓሮ ተሰበሰቡ። እሳቸው እህል እንደሚገዛ ሰው ረጋ ብለው ተመለከቱና ጎንበስ ብለው መጀመሪያ ያነሡት ያቺኑ ጫጩት ነበር።

እናቴ ደነገጠች። «እሷን እንኳ ይተዉልን እትዬ፤ ልጆቹ ለምደዋታል። በምትኳ ያን አውራ ይውሰዱ።»

«ስለለመዷት እኮ ነው የምፈልጋት» አሉ። «ሰው የለመደች ዶሮ ጭልፊት ሲያንዣብብ ወደ ቤት ትሮጣለች። እኒህ ሌሎቹ ጫካ ነው የሚገቡት።»

ያን ጊዜ «እግሯ ጠማማ ነው! ሽባ ናት! ይዩዋት!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ስክደው የከረምኩትን ጉድለቷን፣ እንዳትሄድብኝ ስል በአደባባይ መሰከርኩባት። እኅቴ ግን የጮኸችው እሷ እንደሆነች በእርግጠኝነት ትናገራለች፤ በእሷ አባባል እኔ እናቴ ቀሚስ ሥር ተሸጉጬ አለቅስ ነበር። ማንኛችን እንደሆንን የሚነግረን ሰው ዛሬ በሕይወት የለም።

እትዬ ብርነሽ ሣቁ። «አይቻለሁ ልጄ፤ ጠማማ እግር እንቁላል ከመጣል አይከለክልም» ብለው በነጠላቸው ሸፍነዋት ሄዱ። ጫጩቷ ድምፅ አላሰማችም። የሰው እቅፍ የለመደች ናትና የእሳቸውም ተመቻት መሰለኝ። ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ይኸው ነበር።

ዛሬ በአዲስ አበባ በምኖርበት ፎቅ ከጎረቤቴ ጋር የምጋራው ግድግዳ ብቻ ነው። ቤቴ ያለው ሁሉ የእኔ ነው፤ የተሰነጠቀውን ሳህንም፣ የጠወለገውን ተክልም ማንንም ሳልጠይቅ እጥላለሁ። እኅቴ «ሙሉ በሙሉ የእኛ ብትሆን ኖሮ እስከ ማታ አትቆይም ነበር» ትላለች፤ በዚህም ትክክል ሳትሆን አትቀርም። አንዳንድ ቀን የምጥለውን ይዤ ከበሩ ስደርስ እጄ ይዘገያል። ፈቃዱን ልጠይቀው የሚገባ፣ ከሩቅ አገር ያልተመለሰ አንድ ሰው ያለ ይመስለኛል።