ዘጠኝ ብዬ ነበር

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። አባታችን ሲሞት ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ያለውን ሱቅ ወሰደ፤ እኔ እዚህ ጅቡቲ የቀረችውን መኪና ወሰድኩ። አባቴ በወጣትነቱ የተወዳደረባት፣ አሮጌ ግን ፈጣን መኪና ናት። ሞተሯ ሲደክም አስወርጄ እንደ አዲስ ላሠራት ቆረጥኩ። ችግሩ፣ ሲሊንደሮቿ ከዚህ በፊት ተሞርደው ተሞርደው ግድግዳቸው ሳስቷል። አንዴ ከተጫሩ በቃ፣ የአባቴ ሞተር ውድቅዳቂ ብረት ነው።

ስለዚህ ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩንና ቤንዚኑን ስንት እጥፍ አድርጎ እንደሚያምቅ፣ ተጨንቄ መረጥኩ። ከፍ ሲል ጉልበት ይጨምራል፤ ሲበዛ ግን ቤንዚኑ ያለጊዜው ይፈነዳና ፒስተን ይሰብራል። የዚህን አገር ሙቀትና የምንቀዳውን ቤንዚን አስቤ "ዘጠኝ ለአንድ" አልኩ። ለዚያ የሚሆኑትን ፒስተኖችም ራሴ አስመጥቼ ለመካኒኩ ሰጠሁት። የድሬ ልጅ ነው። "ሀዬ እህቴ፣ አብሽሪ" አለኝ።

አብሽሪ! ዞር ስል ለወንድሜ ደወለለት። ያ በሕይወቱ አንዲት ካንዴላ እንኳ ፈትቶ የማያውቅ ወንድሜ፣ "የጓደኞቼ መኪና ሁሉ አሥራ አንድ ነው፤ አሥራ አንድ አድርገው" አለው። ሌላ ፒስተን ፈልጎ አደረገው። መኪናዋ የእኔ፣ ምክክሩ የእነሱ!

ችግር መኖሩን ያወቅሁት መንገድ ላይ ነው። ከከተማው መውጫ ያለውን ፔካ 12 ሰፈር አልፌ፣ ከዶራሌ ወደብ ጭነው ከወጡት ከባድ መኪኖች ኋላ ዳገቱን ስይዝ፣ ሞተሩ ጠጠር እንደያዘ ጣሳ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ወዲያው አጠፋሁት። በገመድ ተጎትቼ ጋራዡ ገባሁ።

የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ሲነሳ አንዱ ፒስተን ጠርዙ ተሸርፏል። ሲሊንደሩን በጣቴ ዳሰስኩት። አልተጫረም፤ አልሐምዱሊላህ። መካኒኩ ለወንድሜ ደውሎ አሥራ አንድ እንዳደረገው ያን ጊዜ ነገረኝ፤ ግን ሳያፍር "ወላሂ፣ ሴቶች ዳገት ላይ ማርሽ ስለማትቀይሩ ነው" አለኝ።

"የምን ማርሽ!" ብዬ ጮህኩበት። "አሥራ አንድ አዲስ አበባ ይሠራል፤ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። እኛ ባሕር አፍ ላይ ነን! እዚህ ሞተሩ የሚስበው አየር ሙሉ ነው፤ በዚያ ላይ ሙቀቱ!"

ገባው ብዬ ነበር። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ፣ እኔ ፊቱ እጄን ዘይት ነክቶት ቆሜ፣ ለወንድሜ ደወለ። "ታዲያ አሁን ስንት ይሁን?" አለው።

"ቆይ፣ ጓደኞቼን ልጠይቅ" ሲል ወንድሜን በስልኩ ሰማሁት።

ስልኩን ከመካኒኩ ጆሮ ላይ ነጠቅሁና ዘጋሁት። መልሶ ሲጠራ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የእኔ ፒስተኖች አቧራ ከጠጡበት መደርደሪያ ወርደው እስኪገጠሙ ድረስ ስልኩን ለመካኒኩ አልመለስኩለትም።