የቀረ ሰው ዕጣ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። አንድ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን መጀመሪያ ዳይስ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበው ለምን ሌላ ሰው እየሆኑ እንደሚጫወቱ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። ደከመኝና በጾም ስለበላሁት ቅቤ ተናዝዤ ተመለስኩ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

የሒሳብ መምህር ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ አርባ ምንጭ ስመጣ በከተማው የማውቀው አንድ ሰው አልነበረም። ሴቻ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። መስኮቴ የአባያን ሐይቅ ያሳያል፤ የሰማ ሁሉ ታድለህ ይለኛል። ሐይቅ ግን በር አያንኳኳም። በሬን የሚያንኳኩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ ፋርማሲ የምትሠራው ሔለንና አብሮኝ ባዮሎጂ የሚያስተምረው ዘካሪያስ፣ የገረሴ ልጅ። እነሱም የሚመጡት ቅዳሜ ቅዳሜ ለጨዋታው ነበር።

በጨዋታው አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ያቺ ሔለን ነበረች። ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ እንፈጥርና በእሱ አፍ እየተናገርን፣ በእሱ እግር እየሄድን ታሪኩን እንኖራለን። የገጸ ባሕርዩን ጉልበት፣ ብልሃት፣ ጤናና ሌላውንም፣ በጠቅላላው ስድስት ነገር የሚወስነው ዳይስ ነው፤ በስድስት ገጹ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለበት የዕጣ ጠጠር። ለእያንዳንዱ ሦስት ዳይስ ይጣላል፤ ድምሩ ይጻፋል፤ የወደቀልህን ይዘህ ትኖራለህ። ሔለን ቁጥሩን በእኩል እንካፈል ብላ ነበር። ዕጣ ይሻላል ያለው ዘካሪያስ ነው፤ ሰው መርጦ አይወለድም አለ። እኔና እሱ አብረን ልንጥል፣ አንዳችን ለአንዳችን ምስክር ልንሆን ተስማማን።

በቀጠሯችን ቀን ዘካሪያስ ለቅሶ ደርሶበት ገረሴ ወጣ። ከዚያ ደወለልኝ።

«በእኛ ዘንድ ለመስቀል በሬ ታርዶ ቅርጫው ሲከፋፈል፣ የቀረ ሰው ዕጣ መጀመሪያ ነው የሚጣለው» አለኝ። «ያለ ሰው ለራሱ አፍ አለው። የእኔን አስቀድምና ጣልልኝ፣ ወንድሜ።»

እንዳለኝ መጀመሪያ የእሱን ጣልኩ። ጉልበት አሥራ ስድስት። ብልሃት አሥራ አምስት። ጤና አሥራ ሰባት። የቀሩትም እንዲሁ ያማሩ ነበሩ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ የራሴን ጣልኩ። ጉልበት ስድስት። ከሌሎቹም አንዱ እንኳ ከአሥር አልዘለለም።

ወረቀቱን አፍጥጬ አየሁት። ማን አየኝ? ዳይስ የማን እንደሆነ ያውቃል? ሁለቱም የወደቁት ከእኔው እጅ አይደለም? የሒሳብ መምህር ነኝና ለራሴ የማስረዳው አላጣሁም። ከዚያ ስሞቹን ሰርዤ አቀያየርኳቸው። እኔ ነኝ የቀየርኩት። ተሳስቼ አይደለም፣ እጄም አልሳተም። በሌላ ወረቀት አሳምሬ ገለበጥኩና የተሰረዘውን መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ደበቅኩት።

ለምን? ክፍል ውስጥ ተማሪ የሚፈራኝ፣ ከክፍል ስወጣ ግን የሚፈልገኝ የሌለ ሰው ነበርኩ። በአንድ ታሪክ ውስጥ እንኳ ተፈላጊ ልሁን ብዬ ነው። ይህን ስል ግን እዘኑልኝ ማለቴ አይደለም። ብቻውን የሚኖር ሁሉ ጓደኛውን አይሰርቅም።

ዘካሪያስ ሲመለስ ቁጥሮቹን አይቶ ከት ብሎ ሳቀ። ገጸ ባሕርዩን ሳል የማይለቀው ሸማኔ አደረገው። የእኔው ጦረኛ ሆነ። አንድ ዓመት ያህል የላንቴ ሙዝ እየላጥን በየቅዳሜው አብረን ተጓዝን። እኔ በር እሰብራለሁ፣ እሱ ይስላል፤ እሱ ይወድቃል፣ እኔ አነሣዋለሁ። «ሸክሜ» እያልኩ ነበር የምጠራው። አስቡት እስቲ፤ የገዛ ዕጣዬን አሸክሜው፣ ሸክሜ የምለው እኔ! እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ በታሪኩ ውስጥ ወንዝ ስንሻገር፣ ጦረኛዬን ውኃ ወሰደው። ሸማኔው ማዶ ደርሶ ነበር። ተመለሰ። ገመዱን ከዛፍ አስሮ ወረወረልኝና እኔ ወጣሁ፤ ጎርፉ እሱን ያዘው። ሔለን ዳይሶቹን ሰጠችው፦ ድምሩ ከጉልበቱ ካልበለጠ ይተርፋል። ጣለ። ዘጠኝ ሆነ። በእሱ ወረቀት ላይ ጉልበት የሚለው ስድስት ነው፤ ሸማኔው ሰጠመ። መጽሐፍ ውስጥ በደበቅኩት ወረቀት ላይ ግን አሥራ ስድስት ነው፤ መጽሐፉ ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ነበር።

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። ዝም አልኩ። ዘካሪያስ ዝምታዬ ሐዘን መሰለውና እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።

«አይዞህ» አለኝ። «አንተ የጣልክልኝ ነው፤ ቅር አይለኝም።»

የበደልኩት ሰው እኔን አጽናናኝ። እኔም አቀርቅሬ የሙዝ ልጣጭ ሰበሰብኩ።

ጨዋታ አይደለም ወይ፣ ትሉኛላችሁ። እኔም ለራሴ ስንት ዓመት እንዲያ ስል ኖሬአለሁ። ሸማኔው በእርግጥ አልነበረም። ዘካሪያስ ግን ነበር፤ ያመነኝም እሱ ነው።

ሔለን አግብታ ከከተማው ሄደች። ዘካሪያስ ወደ ካምባ ተዛወረ። ቅዳሜ አሁን ሐይቁና እኔ ብቻ ነን። በቅርቡ ደወለልኝ። ለተማሪዎቹ የጨዋታ ክበብ አቋቁሞላቸዋል። አንዱ ሲቀር ዕጣውን ማን ይጣልለት እያሉ ሲጨቃጨቁ፣ ስለ እኔ ይነግራቸዋል፦ «እኔ በሌለሁበት ጣለልኝ፤ የወደቀልኝ ደካማ ነበር፤ እሱ ግን ሳያፍርና ሳይደብቅ ጽፎ ሰጠኝ፤ ሰው ማለት እንዲህ ነው» ይላቸዋል። አንድ ቀን መጥተህ ይዩህ አለኝ። የፈተና እርማት አለብኝ አልኩት። እርማት አልነበረብኝም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔው እውነት መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጦ ምኑ ይጠራል? ትናንት አወጣሁት። የዘካሪያስ ስም በአንድ መስመር ብቻ ስለተሰረዘ አሁንም ይነበባል።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለምና የምትምሩኝ እናንተ አይደላችሁም። የካምባ መኪና ቅዳሜ በጠዋት ይነሣል። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ለእሱ የምለውን ብቻዬን ስለማመድ ሰነበትኩ፤ ሰበቡን ሁሉ እያወጣሁ ስጥል የተረፈችኝ ይህች ብቻ ናት፦ መጀመሪያ የጣልኩት ያንተን ነበር።