ከድልድዩ አልወድቅም ያለው አውቶቡስ

የሰፈሩ ሰው «እትዬ ሾፌር» ነው የሚላቸው። ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ አንድም ቀን ለሽርሽር ወጥተው አያውቁም። ዘንድሮ የዓመት ፈቃድ ሲወጡ ግን ታናሽ እህታቸው እየጎተተች የፊልም መዝናኛ መናፈሻ ወሰደቻቸው።

ለፊልም ተብሎ የፊት ግድግዳው ብቻ የቆመውን ባንክ፣ ቁልፍ ሲጫኑት የሚዘንበውን ዝናብ ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ግዙፍ ስክሪን ፊት ለፊት እውነተኛ የሚመስል አውቶቡስ ቆሟል። የትርኢቱ አስተናባሪ «ማን ይነዳልናል?» ከማለቱ እትዬ ሾፌር ብድግ አሉ። እህታቸውና ሌሎች ተመልካቾች ከኋላ ተሳፈሩ።

«ፍሬኑ ተበጥሶ ከድልድይ እንወድቃለን። የእርስዎ ሥራ መጮህ ብቻ ነው» አላቸው አስተናባሪው።

አውቶቡሱ ተንቀጠቀጠ። ድልድዩ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል እትዬ ሾፌር መሪውን ጨምድደው ያዙ። «ወንበር ያዙ! ልጆቻችሁን እቀፉ!» እያሉ የማይሠራውን ፍሬን በሁለት እግራቸው ረገጡ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ሳቅ አሸንፎት አቆመው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«እናቴ፣ መውደቅ ነበረብን እኮ!» አለ አስተናባሪው።

«ይህን ሁሉ ሰው ጭኜ? በሕልምህም አይሆንም!»

«እትዬ፣ ፊልም ነው! ዛሬ እንኳ ልቀቂው!» ብላ እህታቸው ከኋላ ጮኸች።

እንደገና ተጀመረ። ድልድዩ ሲደርስ እትዬ ሾፌር ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ። አውቶቡሱ ቁልቁል ሲምዘገዘግ እንደ ሕፃን እልል እያሉ ወረዱ።

ከመውጫው በር ሲደርሱ የእህታቸውን ክንድ ይዘው፣ «ነይ፣ ሰልፉ ሳይረዝም ደግመን እንሳፈር!» አሏት።