ቢጫው የጦር አውሮፕላን

ፍሪጁን የገዛነው ምግብ እንዳይበላሽብን ነው። እኔ ግን ከፍሪጁ ይልቅ የታሸገበትን ነጭ ፎም ወደድሁት። ባለቤቴ ካርቶኑን ከነፎሙ ሊጥለው ሲያነሣ «ተወው፣ እፈልገዋለሁ» አልሁት። ምን እንደማደርግበት ሲጠይቀኝ የጦር አውሮፕላን እንደምሠራበት ነገርሁት። ትንሽ አሰበና «ፍሪጁን ግን አትነኪውም አይደል?» አለኝ። እንደማልነካው ቃል ገባሁለት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አልተነጋገርንም።

እኔ ኮሌጅ ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ነኝ። ሥራዬ ተማሪ የሰበረውን መመዝገብ፣ ያልሰበረውን ማጠብ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ «ይኸው፣ ይህን ሠራሁ» ብዬ የማሳየው ነገር የለኝም። ኢንተርኔት ላይ የአንድ የድሮ ተዋጊ አውሮፕላን ንድፍ በነጻ አገኘሁ፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው፣ አፍንጫው ላይ ፕሮፔለር የሚሽከረከርበት። እሱን የመረጥሁት ክንፉ ቀጥ ያለ ስለሆነና ለመቁረጥ ስለማያስቸግር ነው። ከማንም ጋር ጠብ የለኝም።

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ባለው ግቢያችን ግን ነገሩን በዚህ መልክ የተረዳልኝ ሰው አልነበረም። የጎረቤቱ ሁሉ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለየትኛው ልጅሽ ነው?» ያለችን አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ገና ጡት አልጣለችም። ለራሴ መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ሐዘን አያለሁ። አንዷማ ለባለቤቴ «ከወለደች ወዲህ ነው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችው። እሱም ከዚያ በፊትም እንዲሁ እንደነበርሁ መሰከረልኝ።

ፎም ቀላል ነው ሲባል አትመኑ። በምላጭ ስቆርጠው እየተፈረፈረ ቤቱን ሞላው፤ ፍርፋሪው ከወጥ ውስጥ ሳይቀር ይወጣ ጀመር። ስለዚህ ከተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ፈትቼ፣ በሁለት እንጨት መካከል ወጥሬ፣ በባትሪ እያጋልሁ ቆረጥሁት። የመጀመሪያውን ክንፍ በማስቲሽ አጣበቅሁና ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ማስቲሹ ፎሙን በልቶታል፤ ክንፉ ያለበት ቦታ ላይ አንድ ጎድጓዳ ነገር ተኝቷል። የትኛው ፈሳሽ ምን እንደሚያሟሟ በየዓመቱ ለተማሪ የማስረዳው ደግሞ እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ክንፍ በእንጨት ኮላ ሠራሁት፤ ስለ መጀመሪያው ለማንም አልተናገርሁም።

የባለቤቴ አባት በዚያን ጊዜ እኛ ዘንድ ነበሩ። ይፋግ አካባቢ ሩዝ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ለደም ግፊታቸው ሊታከሙ መጥተው፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ቆዩ። በየሳምንቱ «አሁንስ ልሂድ» ይላሉ፤ በየሳምንቱ ይቀራሉ። ለምን ብለን አልጠየቅናቸውም፤ እናውቀዋለንና። ባለፈው ዓመት ከመንደራቸው አጠገብ ከሰማይ የወረደ ነገር አውድማ ላይ የነበሩ ሰዎችን ገደለ። ከሞቱት አንዱ አብሮ አደግ ጓደኛቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሜዳ ላይ አይቆሙም። እኛ ግቢ ውስጥ እንኳ ከማንጎው ጥላ አይወጡም፤ ሽንት ቤት ሲሄዱም በጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ነው። ስንጠይቃቸው «ፀሐዩ ራሴን ያመኛል» ይሉናል። ደመና በሆነ ቀንም መልሳቸው ይኸው ነው።

ሩዝ ደግሞ ጥላ አይወድም። የእሳቸው ማሳ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ነው፤ አንድ ዛፍ አይታይበትም። የመዝሪያው ጊዜ እየቀረበ ነበር። ካልዘሩት መሬቱ ምርቱን ለሚካፈል እኩል አራሽ ይሰጣል፤ በእሳቸው ዕድሜ አንዴ ለእኩል የተሰጠ መሬት ደግሞ አይመለስም። ከዚያ በኋላ ገበሬ መሆናቸው ቀርቶ ልጃቸው ቤት የሚጦሩ ሽማግሌ ይሆናሉ። ይህንንም ቁጭ ብለው ከማንጎው ሥር ያስቡት ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ቤት የጦር አውሮፕላን መሥራት ብልህነት እንዳልሆነ ባለቤቴ ነገረኝ። አልተከራከርሁትም፤ ዕቃ ቤት ገብቼ፣ በር ዘግቼ መሥራቴን ቀጠልሁ። ፎም ድምፅ የለውም። ድምፅ ያለው ሞተሩ ነው፤ እሱንና ሪሞቱን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ነበር።

ሞተሩን የሞከርሁት እሑድ ከሰዓት፣ አማቼ ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተዋል ብዬ ነው። አልወጡም ነበር። ፕሮፔለሩ ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ ከመጠኑ ጋር አይገናኝም፤ የዕቃ ቤቱን ቆርቆሮ ሁሉ አንዘረዘረው። በጣም ደስ ብሎኝ አጠፋሁትና ወጣሁ። ከማንጎው ሥር ምንጣፍ ላይ የተውኋት ልጄ የለችም። እየሮጥሁ ወደ ቤት ገባሁ። አማቼ ኮሪደሩ ላይ፣ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል፣ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ልጄን ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው ጎንበስ ብለውባታል፤ እሷ ጢማቸውን ትጎትታለች። ቀና ሳይሉ በቀስታ «ቁጭ በይ፣ ገና አልራቀም» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልኋቸው። «የእኔ ሞተር ነው፤ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው ያለው።»

እንደዚያን ጊዜ አፍሬ አላውቅም። ልጅቷን ሰጡኝና ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። ዕቃ ቤት ገብተው ጠረጴዛው ላይ ያለውን አውሮፕላን በአንድ እጃቸው አነሡት፤ መዘኑት።

«ፎም ነው» አሉ።

«ፎም ነው» አልሁ።

«ሰው የሚቀመጥበት የት ላይ ነው?»

«ሰው አይቀመጥበትም። የሚነዳው ሰው ምድር ላይ ነው ያለው፤ በዚህ።» ሪሞቱን ሰጠኋቸው። ከአውሮፕላኑ ይልቅ እሱን ብዙ አዩት። እንደምጥለው፣ ዛሬውኑ እንደምጥለው ነገርኋቸው።

«ምን በወጣው? ጨርሺው። ሲበርር ማየት እፈልጋለሁ።»

በዚህ ሁኔታ በቤቱ ውስጥ የመጀመሪያ ደጋፊዬን አገኘሁ። ከሥራ ስመለስ ወንበራቸውን ዕቃ ቤት አስገብተው ይጠብቁኛል። ኮላው እስኪደርቅ ክንፉን ይይዙልኛል፤ ደረቀ እስክላቸው ድረስ ጣታቸውን አያንቀሳቅሱም። ደግሞ ይጠይቃሉ። ምን ያህል ይርቃል? ዝናብ ላይ ይበርራል? በጭጋግስ? ከዛፍ ሥር ያለ ሰው ይታየዋል? ይህኛው ካሜራ ስለሌለው ምንም እንደማያይ፣ ትልልቆቹ ድሮኖች ግን ካሜራ እንዳላቸው፣ ቅጠል እንደሚጋርድ፣ ሌሊትም የሰውነትን ሙቀት የሚያዩ እንዳሉ አስረዳኋቸው። በሕይወቴ ይህን ያህል የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ እየሣልሁ፣ አንዳንዴም የማላውቀውን ጨምሬ አብራራሁላቸው። አንድ ቀን እራት ላይ ለባለቤቴ «አባትህ የመሐንዲስ ጭንቅላት ነው ያላቸው» አልሁት። አየኝና እንጀራውን ቆረሰ።

አውሮፕላኑ ሲያልቅ አፍንጫው ቀለለ። በሁለት ጣት ክንፉ ሥር ሲነሣ ወደ ኋላ ይደፋል፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ አይበርርም። ከሐይቁ ዳር ከዓሣ አጥማጆች ለመረብ ማስመጫ የሚሆን እርሳስ ገዝቼ አፍንጫው ውስጥ ወሸቅሁበት፣ ተስተካከለ።

የቀረው ፈቃድ ነበር። በዚህ ጊዜ በባሕር ዳር ሰማይ ላይ ያለ ፈቃድ የሚበርር ወፍ ብቻ ነው። ለኮሌጁ ዐውደ ርእይ የሚቀርብ ነው ብዬ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድሁ። ኃላፊው ፎቶውን አየና «ምን ይተኩሳል?» አለኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን የጦር ተባለ?»

ንድፉን ከነስሙ ያገኘሁት ከኢንተርኔት መሆኑን ነገርሁት። ተወያይተው ፈቀዱልኝ፤ ነገር ግን የቀባሁት የወታደር አረንጓዴ ቀለም ይቀየር፣ ከባሕር ዛፍ በላይ አይውጣ፣ ሲበርር ፖሊስ ይገኝ፣ የጦር መባሉም ይቅር አሉ። ስለዚህ ያ የዓለም ጦርነት ተዋጊ በውሃ ቀለም ቢጫ ተቀብቶ የማስተማሪያ መሣሪያ ሆነ። ቀለሙን ስቀባ ትንሽ ተናደድሁ፤ ሲደርቅ ግን አማረበት።

ያበረርነው ሐይቁ ሸሽቶ ሣር የበቀለበት፣ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ላይ ነው። ፖሊሱ ወጣት ነው፤ ዳር ላይ ካለችው ሾላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። አማቼም ዱላቸውን ይዘው፣ ኩታቸውን አጣፍተው ከሾላዋ ሥር ቆሙ። በመጀመሪያው ውርወራ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ሣሩ ውስጥ ተተከለ። ፖሊሱ ቀና ብሎ «አለቀ?» አለኝ። እንዳላለቀ ነገርሁት። በሁለተኛው ተነሣ።

ተነሣ ስላችሁ በእውነት ተነሣ። በሐይቁ ላይ ዞረ፣ ክንፉን ደፋ፣ ተመልሶ በራሳችን ላይ አለፈ። የፍሪጅ ፎም ነው፣ እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ይበርራል። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሚያውቀው ጥቂት ጊዜ ነው። ፖሊሱም ስልኩን ኪሱ ከትቶ ቆመ፤ ባሕር ዛፉን ረስቶታል። የአማቼን ፊት ለማየት ዞር ስል እሳቸው ሰማዩን አያዩም። ከጥላው ወጥተው አጠገቤ ደርሰዋል፤ የሚያዩት እጄን ነው።

«ይህችን ስትነኪ ነው የሚዞረው?»

«አዎ።»

«በአውራ ጣት ብቻ?»

«በአውራ ጣት ብቻ።»

ባትሪው ሲደክም ውሃው ዳር አሳረፍሁት፤ ፎም ስለሆነ ተንሳፈፈ። ጫማዬን አውልቄ ገብቼ አወጣሁት። ስመለስ አማቼ «አንድ ነገር አድርጊልኝ» አሉኝ። «ወደ ሰማይ መውጣት አንችልም፤ እኔ ወደ ጎን ልራቅ። አንቺ እዚህ ሁነሽ እዪኝ።»

ምን እንደፈለጉ አልገባኝም። ዱላቸውን እንደ ልማዳቸው በትከሻቸው ላይ አጋድመው ሜዳውን ተያያዙት። ዛፍ የሌለበት ሜዳ ነው። ከመጡ ወዲህ እንደዚያ ሲሄዱ አይቼ አላውቅም። ከብቶቹን አለፉ። ከዚያ ስልኬ ጠራ፤ እሳቸው ናቸው።

«ምን እመስላለሁ?»

«እርስዎን።»

«እንግዲያ ትንሽ ልራቅ።» ስልኩን ሳይዘጉ ሄዱ፤ የእግራቸው ድምፅ ይሰማኛል። «አሁንስ?»

«ሰው።»

«ምን የያዘ ሰው?»

«ዱላ የያዘ።»

«ዱላ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ዓይኔን አጥብቤ አየሁ። የሚታየኝ አንድ ጥቁር ነገር ነው፤ ትከሻው ላይ ሌላ ጥቁር፣ ረዘም ያለ ነገር ተጋድሟል። ዱላ ይሁን ጠመንጃ አይለይም።

«እርስዎ መሆንዎን ስለማውቅ ነው» አልኋቸው።

ስልኩ ውስጥ ነፋስ ብቻ ይሰማል። ያኔ ዕቃ ቤት ውስጥ የጠየቁኝ ሁሉ አንድ ባንድ መጣብኝ፤ ዝናቡ፣ ጭጋጉ፣ የዛፉ ሥር። ስለ እኔ አውሮፕላን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔ ወረቀት ላይ እየሣልሁ ስመጻደቅ፣ እሳቸው ሩዛቸውን ዘርተው እንዴት በሕይወት እንደሚመለሱ ነበር የሚማሩት። ያልሆነ ነገር ነግሬያቸው እንደሆነስ ብዬ ፈራሁ።

«ደግ» አሉ በመጨረሻ። ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ሣሩ ላይ ሲያስቀምጡ አየሁ፤ ከዚያ መመለስ ጀመሩ።

እየቀረቡ ሲመጡ እጃቸውን የት እንደሚያኖሩት አያውቁም ነበር። አንዴ ወደ ኋላ ያጣምሩታል፣ አንዴ ኩታው ውስጥ ያስገቡታል፣ አንዴ ዝም ብለው ያንጠለጥሉታል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያለ ዱላ ከቤት ወጥተው አያውቁም።

«ልሂድና ላምጣልዎ» አልኋቸው።

«ተይው።»

«መንገድ ላይ ውሻ ቢመጣብዎስ?»

«ውሻ ሲመጣ ይታያል» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ለዘር ወደ ይፋግ ሄዱ። ባለቤቴ ሥራ ስለነበረው መናኸሪያ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ፤ ልጄን አዝያለሁ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዱላቸውን እያስቀደሙ ወደ አውቶቡሱ ሲገቡ እሳቸው እጃቸውን አጣምረው ተራቸውን ጠበቁ። ልጅቷን ግንባሯን ሳሟት። ረዳቱ ክንዳቸውን ይዞ ሲያሳፍራቸው ባዶ እጃቸውን አየና «አባት፣ ዱላዎን ረስተው ነው?» አላቸው።

«አልረሳሁም» አሉት፣ ገብተውም በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። አውቶቡሱ ከግቢው እስኪወጣ እዚያው ቆሜ አለቀስሁ።