ያልተተፋው ወይን

ጀርመናዊው ቡና ገዢ ጅማ ካረፈበት ሆቴል በረንዳ ላይ ሦስት ዓይነት የአገሩን ነጭ ወይን ከፍቶ ጋበዘን። ሁላችንም ብርጭቆ ስናጋጭ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ስልሳውን ያለፉ ሴትዮ ከቦርሳቸው በመሀረብ የተጠቀለለ ማንኪያ አወጡ። ግራጫ ኮት በነጭ ስኒከር ለብሰዋል፤ ጣታቸው ላይ ቀለበት የለም። ዕድሜያቸውን በቡና ቀማሽነት እንደገፉ መጠየቅም አላስፈለገኝም። ከመጀመሪያው ወይን አንድ ማንኪያ ቀድተው ፉት ሲሉት ድምፁ በረንዳውን አዳረሰው፤ ከዚያ ባዶ ስኒ ውስጥ እንትፍ! ቀማሽ ይተፋል እንጂ አይውጥም። እኔ ወንበሬን ትንሽ ሸሸት አደረግሁ።

«ይሄ ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ደህና የደዶ ቡና ይመስላል» አሉ። ሁለተኛውንም ተፉት። «ማር አለው፤ ግን አፍ ላይ አይቆይም።»

ሦስተኛውን ቀምሰው ፊታቸውን አኮማተሩ።

ዋጡት።

«የዚህስ ነገር አይነሳ፤ ስኳር የገባበት ውሃ!» አሉና ማንኪያውን ትተው ብርጭቆውን አነሱ።

አስተናጋጇ ሳቀች። «እንዴ እትዬ፣ የማይረባውን ይጠጡታል?»

«ጀርመን አገር፣ ላይፕዚግ ከተማ ተማሪ ሳለሁ ለሰርጌ የተቀዳው ይሄ ነበር» አሉ ብርጭቆውን እየዘረጉላት። «ጨምሪልኝ እስቲ።»