ሞተሯ ሳይጠፋ አታስቀምጣት

እንጨት ቆራጩ በረንዳው ላይ ተቀምጦ በጆሮው እንጨት ይቆርጣል። ቀኝ እጁ ከአንገቱ በታሰረ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ከእርጥብ ግንድ ላይ ተንሸራቶ የትከሻው አጥንት ከተሰነጠቀ ወዲህ፣ ሐኪሙ በዚያ እጁ ማንኪያ እንኳ እንዳያነሳ አስጠንቅቆታል። ስለዚህ ዛሬ ከዳገቱ በላይ ካለው ጫካ የሚመጣው የሞተር መጋዝ ድምፅ የእሱ እጅ ድምፅ አይደለም። የሴት ልጁ ባል ነው፤ ልብስ ሰፊው።

መጋዟ ግን የእሱ ናት። ከአንድ ጡረተኛ የደን ጠባቂ እጅ የመጣችው ያኔውኑ አርጅታ ነው። ቀለሟ ተልጧል፣ እጀታዋ በጎማ ተጠቅልሏል፣ የቤንዚን ክዳኗም በሽቦ ታስሯል። ግን ውርጭ ቢሆን ጭጋግ ቢሆን ገመዷን ሳብ ሲያደርጋት ትነሳለች እንጂ አሳፍራው አታውቅም። ጎረቤቱ አንድ ቀን፣ «ይቺን አሮጊት ጣልና አዲስ ግዛ» ቢለው፣ «አንተ ያረጀ ሁሉ ይጣል ባይ ነህ? ሚስትህስ?» አለው። የገዛ ሚስቱ ከውስጥ ሆና፣ «የእኔንም ዕድሜ እየቆጠርክ ነው? ሰምቻለሁ!» ብላ ጮኸች። ጫካ ሲገባ ከሞተሯ ጋር የሚያንጎራጉራት ዜማም ነበረችው፦

እንጨቱም ይፈለጥ፣ ምድጃዬም ይሙቅ፣
አንቺ እያለሽልኝ ብርድንስ ማን ሊያውቅ።

ዘንድሮ ብርዱ እየመጣ ነው፤ የእንጨት ማስቀመጫው ግን ባዶ ነው። ልጁ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወላጆቿ ቤት መጥታለች። ልብስ ሰፊው አማቹ ባዶውን ማስቀመጫ አይቶ፣ «እኔ እቆርጣለሁ አባባ» አለ።

ጠዋት ሽማግሌው ያስተማረው እንዲህ እንዲያ አይደለም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር እንዴት እንደሚቀላቀል፣ ጥርሶቿ በሞረድ እንዴት እንደሚሳሉ፣ ሰንሰለቷ ምን ያህል እንደሚወጠር፣ እግር የት እንደሚቆም አንድም ሳያስቀር ነገረው።

«ከሁሉም በላይ፣ ሞተሯ ሳይጠፋ መሬት አታስቀምጣት! ቅጠልና ቅርንጫፍ ከነካች ትዘልላለች። እግርህን ነው የምትበላህ!»

«እንደ ሕፃን አቅፌ ነው የምይዛት አባባ።»

«ተለማመደው፤ ማቀፉስ አይቀርልህም» አለ ሽማግሌው፣ የልጁን ሆድ በዓይኑ እያሳየ።

ልጅቷ አልሳቀችም። «አባዬ፣ ጣቶቹን አደራ። የምንኖረው በጣቶቹ ነው።»

«እንደወሰድኩት እመልስልሻለሁ።»

ይህን ቃል ሲሰጥ አፉን ሞልቶ ነበር። አሁን በረንዳው ላይ ሆኖ ሲያስበው ቃሉ ራሱ ከበደው።

መጋዟ ግንድ ውስጥ ስትገባ ድምጿ ይወፍራል፤ ግንዱን በጥሳ ስትወጣ ይቀጥናል። ረፋዱን ሁሉ እንዲሁ ስትወፍርና ስትቀጥን ቆየች፤ ሽማግሌውም በእያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሞተሯ ወደ ሚኒሞ ወረደች፤ ቤንዚን ሳይሰጣት በዝግታ ብቻ ድድድ አለች። «አሁን ያጠፋትና ግንዱን ያንከባልላል» አለ በልቡ። ጠበቀ። አልጠፋችም። አልቆረጠችምም።

ሚስቱ ብቅ አለች። «ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ።»

«ዝም በይ እስቲ!»

«ምን ነካህ?»

«አይቆርጥም፤ አያጠፋም።»

«እያረፈ ይሆናላ።»

«ቤንዚን እያቃጠለ ማን ያርፋል?»

ከውስጥ የሕፃን ልብስ ትሰፋ የነበረችው ልጁ መርፌዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። «አባዬ፣ ለምን ዝም አለ?»

«መቼ ዝም አለች? ይኸው ትሰሚ የለም እንዴ?»

«መጋዟን አይደለም። እሱን ነው የጠየቅኩህ።»

ሽማግሌው ተነሳ። ጫማውን እንኳ በወጉ ሳያስር ዳገቱን ተያያዘው። ድምጿ እየቀረበ ሲመጣ ግራ እጁ ላይ አንድ ነገር አየ፦ አመልካች ጣቱ በራሱ ጊዜ እየታጠፈች አንድ የማትታይ ነገር ወደ ኋላ ትስባለች። ደግማ ትስባለች። ቆሞ አያት።

ቾኩ! የአየር መዝጊያው!

ማጥፊያዋ ከተሰበረ ስንት ዘመኑ። እሱ ቾኩን ስቦ አየር እየነሳ ነው የሚያጠፋት። ጣቱ ከለመደች ወዲህ ጭንቅላቱ ረስቶት ነበር። ይህን ሁሉ ሲያስተምር ውሎ፣ እንዴት እንደምትጠፋ ሳይነግረው ሰደደው!

ዓይኑን ወደ ማጥፊያዋ ደፍቶ የሚነካካ ሰው ታየው፤ ቀጫጭን ጣቶች፣ ሰንሰለት። «አንተ ልጅ!» ብሎ ተጣራ። መጋዟ ድምፁን ዋጠችው። ሁልጊዜ በዚህ መንገድ የምትመጣለት ዜማ ዛሬ አልመጣችም።

ከዛፎቹ መሃል ኮት አየ። ወድቋል፤ አንድ እጅጌው ወደ ግንዱ ተዘርግቷል። ተጠጋ። ኮቱ ውስጥ ሰው የለም።

ልብስ ሰፊው ከግንዱ ማዶ ተገትሮ ቆሟል። መጋዟን ከደረቱ አርቆ ይዟታል፤ ክንዶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል፣ የልብስ መለኪያ ሜትሩም እንደ ልማዱ አንገቱ ላይ ነው። አማቱን ሲያይ ዓይኑ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ሽማግሌው በእጀታዋ በኩል ዞሮ ያቺን ጣቱን ሰደደና ቾኩን ሳበ። መጋዟ አንዴ ሳለች፣ ጠፋች። የቅጠል ኮሽታ ተሰማ።

«ለምን አላስቀመጥካትም?»

«ሞተሯ ሳይጠፋ አታስቀምጣት አላሉኝም? ማጥፊያዋን ብነካ ብነካ እምቢ አለችኝ። የሰበርኳት መሰለኝ። ቤንዚኗ እስኪያልቅ ብዬ ቆምኩ።»

«ሚስትህ ተማሪ ሳለች ጀምሮ የተሰበረ ነው።»

«ታዲያ አይነግሩኝም አባባ?!»

«ጣቴ እንጂ እኔስ መች አወቅኩ» አለ ሽማግሌው። መጋዟን አስቀምጦ የአማቹን እጆች አንድ በአንድ ወደ ዓይኑ አቀረበ፤ እያንዳንዱን ጣት ገልብጦ አየ። ሁሉም አለ።

ከዳገቱ ሥር የልጁ ጩኸት መጣ። «አባዬ! አባዬ! ጠፋች እኮ! ምን ሆነ?»

ዝምታው ደግሞ እታች ላሉት ሌላ ነገር መስሏቸዋል። ልብስ ሰፊው አፉን ከፈተ፤ ጉሮሮው ደርቆ ድምፅ አልወጣውም። ሽማግሌውም ትንፋሽ አልቀረለትም። ያቺ ነፍሰ ጡር ዳገቱን ልትወጣ ነው!

«አስነሳት» አለው። «እሷ ትመልስላቸው። ቶሎ!»

ሽማግሌው ቾኩን ወደ ቦታው መለሰ፤ ልብስ ሰፊው ገመዱን ሳበ። በአንዴ ተነሳች። ጥርሶቿን ግንዱ ውስጥ ሲከት ያ ወፍራም ድምጿ ቁልቁል ወረደ። ቁራጩ እስኪወድቅ አላቆመም። ቀና ሲል ታች ጩኸቱ የለም፤ የሽማግሌው ሚስት ድምፅ ብቻ፣ «ቆረጠ! ቆረጠ! ግቢ፣ ብርድ ነው!» ሲል ይሰማል።

«አሁን አጥፋት» አለ ሽማግሌው።

የልብስ ሰፊው አውራ ጣት ወደ ተሰበረው ማጥፊያ ሄደች። ጣቲቱ መንገድ ላይ ቆመች፤ አሰበች፤ ተመልሳ ወደ ቾኩ ሄደች።